ባነሩ ላይ ያልተቆጠሩት ልጆች፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፣
እንዲሁም በከተማችን ዳር ዳር ልጅ ለምናሳድግ ወላጆች ሁሉ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንዴት ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። የቤት ዕጣ የወጣልኝ በ2007 ዓ.ም. ነበር። ስንገባ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም ነበር፤ ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ያ ጊዜ አለፈ። አሁን እንቅልፍ የሚነሳን የልጆቻችን ትምህርት ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር የግል ትምህርት ቤቶች የክፍያ ጭማሪ ይመጣል። ወላጅ ይሰበሰባል፣ ይከራከራል፣ ተናዶ ይወጣል፣ መስከረም ላይ ግን ይከፍላል። ዘንድሮም ለታናሿ ልጄ ስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። መሀል ላይ አንድ አባት ተነሱ። «መንግሥት ለአንድ ተማሪ በዓመት የሚያወጣው ገንዘብ አለ አይደል?» አሉ። «እሱን ለእኛ ለወላጆች ይስጠን። የፈለግንበት ወስደን እናስተምርበታለን። ትምህርት ቤቶቹ እኛን ለማግኘት ይወዳደሩ፤ ያኔ ዋጋውም ይረክሳል፣ ጥራቱም ይመጣል።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። እኔ ቤት የግሉንም የመንግሥቱንም ደጃፍ የረገጠ ልጅ አለ። እሱ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ፤ የምጠይቃችሁ ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና።

ትልቁ ልጄ እስከ 7ኛ ክፍል የተማረው በግል ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። በሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ባነር አለው፦ «የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን 100 በመቶ አሳልፈናል!» የደብተር ማስቀመጫ የምታክል ምድር ቤት እንኳ ላይብረሪ ተብላ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ባነሩን ነው። በወር 4,500 ብር እከፍል ነበር፣ ሰርቪሱ ለብቻው።

አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ልቀበል ሄድኩ። «አንዴ ቢሮ ይግቡ» አሉኝ። ወንበር ተሳበልኝ። «እናት፣ ልጅዎ ጨዋ ነው፣ እንወደዋለን» ተባልኩ። «ሂሳብ ላይ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። የሚመጣው ዓመት ሚኒስትሪ ነው፤ ጫናው ይከብደዋል። ሌላ ትምህርት ቤት ቢፈልጉለት ለእሱ ይሻለዋል።» ማንም አላባረረውም። ምንም ዓይነት ደብዳቤ አልተጻፈም። ግን መልቀቂያው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስሙ ተሞልቶበታል፣ ማህተሙም ተመትቶበታል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ፈረምኩ። ግቢው ውስጥ ኳስ ሲጫወት አገኘሁትና ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ቆይቼ ስሰማ ብቻውን አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ 34 ልጆች ነበሩ። የስድስቱ ወላጆች ያንኑ ምክር ተመክረን፣ ያንኑ ወረቀት ፈርመናል።

ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአንድ ጠዋት ተቀበለው። የፈለጉት የልደት ሰርተፍኬት፣ ካርዱንና መልቀቂያውን ነው። ፈተና የለም፣ ኢንተርቪው የለም። ክፍሉ ውስጥ ልጄን ጨምሮ 61 ተማሪ ሆኑ። በአንድ ዴስክ ሦስት ይቀመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ዴስክ ላይ አራት ሆኑ። ልጆቹ መጡ እንጂ ዴስክ አብሯቸው አልመጣም።

እውነቱን እናውራ። እዚያም ብዙ ችግር አለ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው። የሳይንስ መምህር ለቀው ምትክ እስኪመጣ ሁለት ወር አለፈ። ሽንት ቤቱን ከጠየቃችሁኝ ልጄ ቤት እስኪመጣ ይታገሣል። ግን የሂሳቡ መምህር ነበሩ። ከምሳ በኋላ ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ሰብስበው ከምገባ አዳራሹ ጀርባ ይቀመጣሉ። ሰሌዳቸው የዘይት ካርቶን ነው፤ ገልጠው በፓርከር ይጽፉበታል። ለእያንዳንዱ ልጅ «የት ላይ ነው የጠፋብህ?» እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ወደ 7ኛ፣ ወደ 6ኛ፣ ወደ 5ኛ። የእኔ ልጅ የጠፋበት 5ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ክፍልፋይ ላይ። በእንግሊዝኛ ኒውመሬተር፣ ዲኖሚኔተር እያለ በቃሉ ሸምድዶ ነበር። እሳቸው ዳቦ ስለው ላዕልና ታህት ብለው በአማርኛ አስረዱት። «ታህቱ ዳቦው በስንት እንደተቆረሰ ይነግርሃል፣ ላዕሉ አንተ ስንቱን እንደበላህ» አሉት። ያን ቀን ማታ ለእህቱ በእንጀራ እየቆረሰ ሲያስተምራት ቆሜ አየሁት።

ዘንድሮ ሚኒስትሪ ወሰደ። አለፈ። በጠባብ ነጥብ፣ ግን አለፈ። ከስድስቱ ሁለቱ አላለፉም፤ የእነሱን እናቶች ሳገኝ አሁንም አንገቴን እደፋለሁ።

የግሉ ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ባነር ሰቀለ። አሁንም 100 በመቶ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥሩን ቤቴ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ፈተና ላይ የተቀመጡት 28 ናቸው፣ ያለፉትም 28። ልክ ነው፣ 100 በመቶ ነው። 7ኛ ክፍልን አብረው የተማሩት ግን 34 ነበሩ። 28 ለ34 ሲካፈል 82 በመቶ ነው። ላዕሉ አልተነካም። የተነካው ታህቱ ነው። ያንን ባነር አይታ ነገ ልጇን የምታስመዘግብ ሌላ እናት ይህን በምን ታውቃለች?

አሁን ወደዚያ አባት ሐሳብ ልመለስ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሚልተን ፍሪድማን በ1955 ጽፎታል (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መንግሥት ትምህርት ቤት ማስተዳደሩን ትቶ ለወላጅ ቫውቸር፣ ማለትም ለልጁ ትምህርት ክፍያ ብቻ የሚውል የገንዘብ ወረቀት ይስጥ፣ ወላጅ ይምረጥ፣ ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩ አለ። ልክ እንደ ገበያ። ሐሳቡ ያምራል። እኔም መርካቶ ገብቼ አንዱ ሱቅ ሲያስወድድብኝ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ።

ግን መርካቶ ያለው ባለሱቅ የእኔን ብር አይመርጥም። ማንም ይምጣ፣ ከከፈለ ይሸጥለታል። ትምህርት ቤት እንደዚያ አይደለም። የትምህርት ቤት ስም የሚሠራው በደንበኛው ነው። ጎበዝ ልጅ ከገባ ባነሩ ያምራል፣ ደካማ ልጅ ከገባ ይበላሻል። ስለዚህ ባለትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመጣለትን ልጅ ማስተማር ነው፤ ይህ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ የዘይት ካርቶን ይዞ የሚቀመጥ መምህር ይፈልጋል። ሁለተኛው በሩ ላይ መምረጥ ነው። ይህ አንድ ስኒ ሻይ እስኪጠጣ ያልቃል። ባለቤቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ቀላሉ መንገድ ክፍት ነው፣ ደግሞም ያተርፋል። ማን ይተወዋል?

ቺሊ ይህን መንገድ እስከ ጥግ ሄዳበታለች። በ1981 በወታደራዊው መንግሥት ዘመን ገንዘቡ ተማሪውን እንዲከተል ተደረገ። ተማሪ የበዛለት ትምህርት ቤት፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ገንዘብ በዛለት። የግል ትምህርት ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ከአሥር ተማሪ ስምንት ገደማ ይማርበት የነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውሎ አድሮ ወደ አራት ገደማ ወረደ። ሲዬ እና ኡርኪዮላ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን አጥንተው በ2006 አሳተሙ። በአማካይ ውጤት ላይ መሻሻል አላገኙም። ያገኙት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት እየወጡ መሄዳቸውን ነው። ትምህርት ቤቶቹ ልጅ ይፈትኑ ነበር፣ ወላጅ ኢንተርቪው ያደርጉ ነበር፣ ከቫውቸሩ በላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። በዚያው በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በጥቁርና ነጭ ዩኒፎርማቸው ምክንያት «ፔንግዊኖች» ተባሉ። በ2011 እንደገና ወጡ። በመጨረሻ ሀገሪቱ ራሷ አስተካከለችው። በ2008 ለድሃ ልጅ የሚከፈለው ገንዘብ ከሌላው እንዲበልጥ ሆነ። በ2015 የወጣው ሕግ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ትምህርት ቤት ተማሪ እንዳይመርጥ ከለከለ፣ ትርፍ ማከፋፈልን አገደ፣ ተጨማሪ ክፍያውንም ቀስ በቀስ እንዲቀር አደረገ። ዛሬ ቦታው ከአመልካቹ ካነሰ ቀሪው በዕጣ ይለያል። እዚህ ለመድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። እኛ 30 ዓመት የለንም።

ስዊድንም በ1992 ተመሳሳይ ነገር ጀመረች። ለትርፍ የሚሠሩ ኩባንያዎች ገቡበት። በ2013 አንዱ ትልቅ ኩባንያ ከሰረ፣ ብዙ ሺህ ተማሪዎችም ትምህርት ቤታቸው ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ሳያውቁ ቀሩ። ሱቅ ሲዘጋ ሌላ ሱቅ አለ። የልጅ አንድ ዓመት ግን ተመልሶ አይገዛም።

ሐሳቡን በጭፍን እንዳልጠላውም እፈራለሁ፤ የሠራበት ቦታ አለና። ኮሎምቢያ በ1991 ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ቫውቸር ሰጠች። አመልካች ሲበዛ ዕጣ አወጣች። ተመራማሪዎች ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 8ኛ ክፍልን የጨረሱት ወደ 10 በመቶ ነጥብ በልጠው ተገኙ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ሉዊዚያና በዕጣ ቫውቸር አግኝተው ወደ ግል የገቡ ልጆች በመጀመሪያው ዓመት የሂሳብ ውጤታቸው በግልጽ ወረደ። ስለዚህ «ገበያ» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም፣ ብቻውንም አይገድልም። ማን ይመርጣል፣ በምን ደንብ ይመርጣል፣ ገንዘቡስ ለማን ይበዛል የሚለው ነው ልጅን የሚነካው።

ይህን ሁሉ ወደ እኛ ሰፈር ላምጣው። ነገ ጠዋት ቫውቸር እጄ ገባ እንበል። የት ልውሰደው? ጥሩ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች መሀል ከተማ ናቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መገናኛ የሚያስኬደውን የታክሲ ሰልፍ መጥታችሁ እዩት። የ10 ዓመት ልጅ እዚያ ሰልፍ ላይ አይቆምም። ሰርቪስ ልያዝለት ካልኩ ቫውቸሩ ሰርቪስ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ምርጫው ያለው ከተማው መሀል ላለው ወላጅ ነው። ዳር ላለነው ወረቀት ብቻ ይደርሰናል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ቫውቸሩን ይዞ ቀድሞ የሚሄደው ማን ነው? እንደ እኔ ያለው፣ ስብሰባ ላይ የሚናገረው፣ ማመልከቻ የሚጽፈው ወላጅ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይ አሁንም የምንገኘው ጥቂት ነን። ስለ ሽንት ቤቱ የጮህነው አራት እናቶች ነን። እኛ ከሄድን ማን ይጮሃል? የጎረቤቴ የቀን ሠራተኛዋ ልጅ እዚያው ነው የሚቀረው። እናቱ ለስብሰባ ከቀረች የቀን ገቢዋ ይቀራል።

ከተማችን ለሁሉም የሚሆን ነገር መሥራት እንደምትችል አይቻለሁ። የትምህርት ቤት ምገባው ምስክር ነው። በግልም በመንግሥትም ልጅ ያስተማርኩ እናት ነኝና ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ማንም ልጅ «አንተ ትበላለህ፣ አንተ አትበላም» ተብሎ አይመረጥም። መጋቢ እናቶቹ በሰልፉ የመጣውን ሁሉ ያበላሉ። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ሲመለስ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን «እማ፣ ሁላችንም አንድ ላይ በላን» ነው ያለኝ።

እና ምን እንድታደርጉ ነው የምጠይቀው?

መጀመሪያ ባነሩን። ማንም ትምህርት ቤት የማለፊያ ውጤት አደባባይ ሲሰቅል ታህቱን አብሮ ይጻፍ። 7ኛ ክፍል ላይ ስንት ተማሪ ነበረው፣ ስንቱ ተፈተነ፣ ስንቱ አለፈ። ሦስት ቁጥር ነው፣ ባነሩ ላይ ቦታ አያጣም። የኢንስፔክሽን ደረጃውም፣ 1 ይሁን 4፣ በር ላይ ይለጠፍ። የመንግሥቱም እንደዚያው፣ ደረጃው ቢያሳፍርም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገረን ደነገጥን። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ያ ቁጥር መራራ ነው፣ ግን ታህቱ ያልተደበቀ ቁጥር ስለሆነ ሀገር አነጋገረ።

ሁለተኛው መልቀቂያው ነው። ከሚኒስትሪ በፊት ባለው ክረምት ልጅ ሲሸኝ ምክንያቱ በጽሑፍ ይስፈር፣ ወረዳው ይየው። በውጤት ማነስ ብቻ ተማሪ ማሰናበት ይቁም። ወላጅ ራሱ ፈልጎ ከሆነ ችግር የለውም፤ ግን ቀድሞ ማህተም የተመታበት ወረቀት ፊቴ ተቀምጦ ፈቃደኛ ነሽ ማለት አይቻልም።

ልጁ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ ይከተለው። ሁላችንም ያጨበጨብንለት ሐሳብ ውስጥ ትክክለኛው ነገር ይህ ነው። ገንዘብ ልጅን ይከተል፣ እሺ። ግን ከዚያኛው በር ተሸኝቶ ወደዚህኛው የመጣውን ልጅ ይከተል። 55 የነበረው ክፍል 61 ሲሆን ዴስክ ይምጣ፣ መጽሐፍ ይምጣ፣ ከምሳ በኋላ የሚያስጠኑት መምህር የትርፍ ሰዓት ይከፈላቸው። ወደ ኋላ የቀረን ልጅ ማስተማር ከጎበዙ በላይ ያስወጣል፤ ቺሊ ይህን በ2008 ተረድታዋለች።

አንድ ቀን የመንግሥት ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢመጣ፣ እባካችሁ ያለ አንድ ደንብ እንዳይወጣ። ገንዘቡን የተቀበለ ትምህርት ቤት ልጅ አይምረጥ። ፈተና አያቅርብ፣ ወላጅ አይመርምር፣ ከላይ አይጨምር። ቦታ ካነሰ ወላጅ ባለበት ዕጣ ይውጣ። የሰርቪሱም ወጪ ከመጀመሪያው ይታሰብ። ዕጣ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኮንዶሚኒየሙ ባለቤቶች አብዛኞቻችን እዚህ የመጣነው በዕጣ ነው። እኔ በምኖርበት ሕንጻ ላይ ዶክተር አለ፣ ጉሊት የምትቸረችር እናት አለች፣ ጡረተኛ አሉ። ማንም አልፈተነንም። አሥር ዓመት አብረን ኖርን፣ ዕድርም አቋቋምን።

የስድስቱ ልጆች ወላጆች ተነጋግረናል። ካርዶቹና የመልቀቂያዎቹ ፎቶ ኮፒ እኔ ጋ ናቸው። ቢሮአችሁ ከጠራን ይዘን እንመጣለን። ሁላችንም ከሥራ ማስፈቀድ ስላለብን ከሁለት ቀን በፊት ብታሳውቁን ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ተማሪዎች እናት፣ የካ አባዶ